ምች ያልነበረው ቁስል

መርሳ ከተማ፣ መኪና መቆሚያው ዳር፣ አናት በሚበሳ ፀሐይ፣ እትዬ አሚና ወተት የሞላ ሃይላንድ ፊታቸው አቁመው ገዢ ይጠብቃሉ። በእጃቸው ለምራታቸው ለሉብና የገዙት ዳማከሴ አለ። ሉብና የመውለጃዋ ወር ተቃርቧል፤ የከንፈሯ ግራና ቀኝ ተሰነጣጥቆ፣ ምላሷ ቀልቶ፣ ብርሃን ዐይኗን እያስለቀሳት ጓዳ ከተኛች ሰነበተች። አምና የወለደቻት እፍኝ የማትሞላ ልጅ ሳምንት ሳትደፍን ሞታለች። ይሄኛውም ልጅ እንዲያ እንዳይሆን እያሉ እትዬ አሚና እንቅልፍ የላቸውም።

ወልዲያ በነርስነት የምትሠራው የጎረቤታቸው ልጅ ኢክራም ከመኪና ስትወርድ አየቻቸው። ሰላምታው እንደ አገሩ ረዘመ፤ ቤቱም፣ ከብቱም፣ ዝናቡም ተጠየቀ። ወሬው ዳማከሴው ላይ ሲደርስ ግን የእትዬ አሚና ድምፅ ተሰበረ። ምራቴን ምች መታብኝ፣ አሽቼ አሽቼ እጄ ዛለ፣ ምንም አልረዳትም አሉ።

ኢክራም ሕመሙን በዝርዝር ጠየቀች።

«እትዬ፣ ይሄ ምች አይመስለኝም። የምግብ ጉድለት ነው። ለመሆኑ ወተት ትጠጣለች?»

«አኡዙ ቢላህ፣ ነፍሰ ጡር ናት እኮ። ወተትና እንቁላል ሕፃኑ ላይ ይለጠፋል። በነጭ ተሸፍኖ፣ ታፍኖ ነው የሚወለደው። ከእናቴ ቤት ጀምሮ የማውቀው ይሄንን ነው።»

ሴትዮዋ ክፉ አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑማ ነገሩ በቀለለ ነበር። ጉርሻቸውን ከአፋቸው መልሰው ለምራታቸው የሚሰጡ ሰው ናቸው፤ ወተቱን የከለከሏትም ስለሚወዷት ነው።

ኢክራም በትዕግሥት አስረዳቻቸው። በሕፃኑ ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ነገር ወተት አይደለም፤ ወተት ቀምሳ የማታውቅ እናት ልጅም እንዲያው ሆኖ ይወለዳል፤ ቆዳውን የሚጠብቅለት ነው።

«ወተት ውስጥ ሪቦፍላቪን የሚባል ቫይታሚን አለ። ሰውነታችን ከምንበላው ጉልበት የሚያወጣው በእሱ እርዳታ ነው። ሲጎድል አፍ ይሰነጠቃል፣ ምላስ ይቆስላል፣ ዐይን ብርሃን ይፈራል። እንቁላል፣ ጉበትና ጎመን ውስጥም አለ። ፀሐይ ደግሞ ያጠፋዋል፤ እርስዎ ወተቱን ብርሃን በሚያሳልፍ ጠርሙስ አስጥተውታል። ሸፍነው ይውሰዱት፣ አፍልተው ይስጧት። ነገ ደግሞ ጤና ጣቢያ ትታይ፤ የጎደላት ይሄ ብቻ ላይሆን ይችላል።»

እትዬ አሚና ዳማከሴውን መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ያችኛዋስ?» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የገደልኳት?»

«ይሄን ማንም ሊያውቅ አይችልም፣ እትዬ።»

ኢክራም ለማጽናናት ብላ አልዋሸችም፤ እሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። ሃይላንዱን በፎጣ ጠቅልለው ተነሡ። አንድ ሾፌር የወተቱን ዋጋ ቢጠይቃቸው ዞር ብለውም አላዩት።

ቤት ገብተው ወተቱን አፈሉ፣ አብርደው ለሉብና ሰጡ። ሉብና ፊቷን አዞረች።

«እርስዎ ነዎት እኮ ይለጠፋል ያሉኝ። ይሄንንም ልጅ ልጣ?»

ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የኢክራምን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። አፏ እንደሚሽር፣ ጉልበቷ እንደሚመለስ፣ እናት የምትበላው ለማኅፀኑም ለጡቱም እንደሚተርፍ ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ።

«ተሳስቼ ነበር ልጄ። አምናም ተሳስቼ ነበር።»

ሉብና ትክ ብላ አየቻቸው።

«አምና ወተት አምሮኝ ለምኜዎት ነበር» አለች።

እትዬ አሚና አልረሱትም። ሉብና ኩባያውን ተቀበለች፤ የተሰነጠቀው ከንፈሯ እያቃጠላት፣ እንባዋም እየወረደ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። እሳቸው ከእንግዲህ የቤታቸው ወተት መንገድ ዳር እንደማይወጣ ማሉላት። ሉብና ባዶውን ኩባያ መለሰችላቸውና ጀርባዋን ሰጥታቸው ተኛች።