ሯጩና ቂመኛው

እንዴት ዋልሽ አንቺ? የፎቶ ማተሚያ ማሽኑ ተሠራልሽ እንዴ? ባለፈው ስመጣ እንደ አሮጌ በር ይጮህ ነበር፤ ዛሬ ድምፁ ለስልሷል። ... እኔ ደህና ነኝ። ክሊኒኩ ጭር ብሏል። ሰው ጥርሱን የሚያመው ሰኞ ሰኞ ነው መሰለኝ፤ ሐኪሙን ለአንድ ሰዓት አስፈቅጄ ብቅ አልኩ። ሰው የለሽም አይደል? ... አይ፣ አንድ ሰው አሉ፣ አግዳሚው ላይ። ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። አይነሡ፣ ይቀመጡ። እኔ ከእሷ ጋር ነው የማወራው።

የመጣሁት ለቀላል ነገር ነው። አራት ጉርድ ፎቶ አውጪልኝ፤ ስልኬ ላይ አለ። የእህቴ ልጅ ናት። አዎ፣ ያቺ ቀጭኗ። አድጋለች አይደል? አሁን እዚያ ማዶ፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ምዝገባ መስኮቱ ጋ ወረፋ ይዛ ቆማለች። ከፊቴ አሥራ አራት ሰው አለ ብላ ደውላልኛለች። መስኮቱ የሚዘጋው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፤ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ደግሞ ዛሬ ነው። አሁን ስንት ሆነ? አሥር ከሩብ። ምንም አያጣድፍም። ... ፎርሙም ይኸው፣ ሞልታዋለች። የቀረው የወላጅ ፊርማ ብቻ ነው። የአባት ወይ የእናት፤ እናትየዋ መስክ ናት፣ እስከ ነገ አትመለስም። የአክስት ፊርማ አይሆንም ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። አይሆንም አሉ።

አባትየውን የት ታገኚዋለሽ አልሽኝ? ... ማን ያውቃል። ሥራ የሚበዛበት ሰው ነው።

እስቲ ፎቶው እስኪወጣ ላጫውትሽ። አንድ የማውቀው ሰው አለ። ማን እንደሆነ አልነግርሽም፤ ሐሜት ይሆናል። የአንዲት ልጅ አባት፣ የአንዲት እህት ባል እንበልና እንለፈው። ሥራው ቅየሳ ነው፣ መሬት ይለካል። እንደ እሱ ጠንቃቃ ሰው አይቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። አልጋ ሊገዛ አስቦ አንድ ወር ሙሉ መኝታ ቤቱን ሲለካ ከረመ። አልጋው ሲመጣ በበሩ አልገባ አለ እንጂ። በሩን አልለካውማ። አንድ ሰው ስንቱን ይለካ?

ይኼ ሰው ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስገባ ተነሣ። ከዚህ በላይ መልካም አባት ከየት ይመጣል? ፈተናዎቹ ሁለት ናቸው፤ ልጅቷ አንዱን መርጣ ትፈተናለች። አንደኛው መቶ ሃያ ጥያቄ አለው፣ በሦስት ሰዓት። ቀና ብለሽ ጣሪያ ካየሽ አለቀልሽ። ስትሳሳቺ ግን አይቀጣሽም፤ ገምተሽም ማለፍ ትችያለሽ። ሁለተኛው በዚያው በሦስት ሰዓት ስድሳ ጥያቄ ብቻ ነው። ነገር ግን በተሳሳትሽ ቁጥር ካገኘሽው ላይ ይቀንስብሻል። የማታውቂውን ባዶ ብትተዪው ምንም አይልሽም። ልጅቷ ስም አወጣችላቸው። የመጀመሪያው "ሯጩ"፣ ሁለተኛው "ቂመኛው"። እኔም በዚሁ ስማቸው ነው የማውቃቸው።

እንግዲህ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? ልጅቷን ሁለቱንም ታስሞክሪያታለሽ፣ የተሻላትን ታስመዘግቢያታለሽ፣ ወደ ሥራሽ ትሄጃለሽ። ... ይኼ የእኔና የአንቺ ዓይነት ሰው መላ ነው። እሱ ሠንጠረዥ ሠራ።

ሠንጠረዡን ባየሽው። ግራው ላይ ሯጩ፣ ቀኙ ላይ ቂመኛው፣ ወደ ታች ሠላሳ አራት መስፈርት። የጥያቄው ርዝመት፣ የወንበሩ ምቾት፣ ከፈተና አዳራሹ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ያለው ርቀት። ሄዶ ለክቶታል፣ በሜትር። ከዚያ ወሰደና ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ትልቁ መስታወት ላይ ለጠፈው፤ ሌላ የሚበቃው ቦታ አልተገኘም። የእህ... ሚስትየው ይኸው ሰባት ወሯ፣ ፀጉሯን በትዝታ ነው የምታበጥረው።

ቀለም አለው ደግሞ። አረንጓዴው ሂሳብ፣ ቢጫው ንባብ፣ ሰማያዊው እረፍት። ቀዩስ ምንድን ነው ብዬ ልጅቷን ብጠይቃት "ዕቅዱን መከለስ" አለችኝ። ቅዳሜ ሙሉውን ቀይ ነው። እሑድም ከምሳ በኋላ ቀይ ነው። ልጅቷ አዲሱን ዕቅድ ተረድታ ደብተር ስትገልጥ ዕቅዱ ተሻሽሏል። ሰባት ወር ምን አጠናች እንዳትዪኝ። ዕቅዱን ቢፈትኗት አንደኛ ነበር የምትወጣው።

ቆይ ቆይ፣ ማሽንሽ ውስጥ ያለው ይኼ ትልቅ ወረቀት የማን ነው? የእሳቸው? ... ይቅርታ ጋሼ፣ ዓይኔ አርፎበት ነው። ሲያምር። "አራተኛ ዕትም" ይላል። ቀዩ ደመቅ ብሏል። በፕላስቲክ ላሚኔት ማስደረግዎ ግሩም ነው፤ ውሃ አይነካው፣ አይቀደድ። ለልጅ ልጅ ይተርፋል። በእነሱ ጊዜ እንኳ ምዝገባው ይደርስ ይሆናል። ... አትሳቂ አንቺ። ሥራሽን ሥሪ።

የት ነበርኩ? አዎ፣ ሰውዬው። ሁለቱን ፈተናዎች በደንብ ለማወዳደር ምን አደረገ መሰለሽ? ራሱ ተፈተነ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ፣ የግድግዳ ሰዓቱን አውርዶ ፊቱ አስቀምጦ። ቤተሰቡ ሦስት ሰዓት እንዳይናገር ታዘዘ። ፍሪጁ ያጉረመርማል ተብሎ ከሶኬቱ ተነቀለ። ሥጋው ተበላሸ እንጂ ጸጥታውስ ግሩም ነበር አሉ። ሯጩ ላይ ከመቶ ሃያ ዘጠና አንድ አመጣ። ጊዜው ሲያልቅበት የቀሩትን በሙሉ "ሐ" ብሎ ሞልቷቸው ነው፤ "ሐ" ደግሞ ውለታ የምታውቅ ፊደል ናት። ልጅቷ እዚያው ላይ ሰባ ስምንት አገኘች። ቂመኛው ላይ ግን የምታውቃቸውን አርባ አራት ሠርታ አሥራ ስድስቱን ባዶ ተወቻቸው። ከሠራችው የሳተችው ሁለት ብቻ ነው። እሱ ስድሳውንም ሠራ። ባዶ ቦታ ሲያይ አይወድም፤ ቀያሽ አይደል? ዘጠኝ ተረፈው። የቀረውን ቂመኛው ወሰደበት።

ታዲያ ምን ብሎ ወሰነ? ራት ላይ ጉሮሮውን ጠርጎ "ሯጩ ይሻለናል" አለ። ይሻለናል። ትሕትናውን አየሽልኝ? "ይሻላታል" ቢል ልጅቷን ብቻዋን ጥሎ መሄድ ሊሆን ነው። "ሂሳብ ይከብደናል"፣ "ንባብ ላይ እንቸኩላለን"፣ "ሐሙስ ዕለት ትንሽ ሰነፍን"። አንድ ቀን ሚስቱ ስትቀልድ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ መኝታ ክፍሉ ለሁለት ይበቃችሁ ይሆን አለችው። በማግስቱ ስፋቱን ጠይቆ መጣ።

ደግሞ ስጦታውን አልነገርኩሽም። ሃያ አራት እርሳስ ቀረጸላት። በምላጭ፣ አንድ በአንድ፣ ጫፋቸው እኩል እስኪሆን በማስመሪያ እየለካ። እንዲህ የሚያደርግ አባት አለ? ... ፈተናው በኮምፒውተር ነው፤ ሁለቱም። ግን እርሳስ ምን ጊዜም አይጠላም።

ልጅቷ መቼ አጠናች አልሽኝ? ... ይኼ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር። ክሊኒካችን ተራ መጠበቂያው ውስጥ ነው ያጠናችው፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ። ከዚያ የበለጠ ጸጥ ያለ ቦታ የለም። ሁሉም ጉንጩን ይዞ ነው የሚቀመጠው፤ ማን ያወራል? አንድ በሽተኛ ብቻ አሉ የሚያስቸግሩን። ይነቀል ወይስ ይሞላ እያሉ ይመጣሉ። ሐኪሙ ሁለቱንም ያስረዷቸዋል፣ እሳቸው ይጽፋሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ጥርሳቸውን ይዘው ይሄዳሉ። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ጥርሱ ራሱ ወሰነ። ዳቦ ውስጥ ቀረ። ... ዛሬም አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ይወስናል ብዬ እኮ ነው።

ፎርሙን እይው እስቲ። ምልክት ያደረገችው የቱ ላይ ነው? አዎ፣ ቂመኛው ላይ። እኔ አልነገርኳትም። ለምን ይኼኛውን ብዬ ጠየቅኋት። "አክስቴ፣ ይኼኛው አላውቅም ማለት ይፈቅዳል" አለችኝ። በአሥራ ስምንት ዓመቷ። ከማን ወረሰችው ብዬ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ... ከእናቷ ይሆናል።

ስልኬ ነው፣ ይቅርታ። ... ሄሎ። ስንት ቀረሽ? አራት ሰው? አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ቦታሽን እንዳትለቂ። ፎቶው እየወጣ ነው። ፊርማው? ... እየተጠና ነው።

አሥር ተኩል አለፈ አይደል? ጊዜ አለን። አንዲት ነገር ብቻ ልጨምርልሽ። ይኼ የማውቀው ሰው "በእኛ ጊዜ" ማለት ይወዳል። በእኛ ጊዜ ፈተናው እንዲህ ነበር፣ በእኛ ጊዜ ተማሪ እንዲያ ነበር። ልጅቷ አፏን ከፍታ ነው የምትሰማው። የራሱን ፈተና ታሪክ ግን እሷ አታውቀውም። እኔ ከሚስቱ ነው የሰማሁት፤ ሃያ ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ። አንቺ ሆነሽብኝ ነው የማወጣው።

ያኔም ዕቅድ ነበረው። ወደ አዳራሹ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች ነበሩ፣ አንዱ በአውቶቡስ፣ አንዱ በእግር። ሁለቱንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሄዶባቸው ሰዓት ይዞ አወዳደረ። በእግሩ ይሻላል ብሎ ወሰነ። ሸሚዙ ተተኮሰ፣ እርሳሱ ተቀረጸ። ሄደ። አዳራሹ በር ላይ አንድ ሰዓት ቀድሞ ደረሰ። ማንም የለም። ከሁሉ ቀደምኩ ብሎ ደስ አለው። ወደ ውስጥ ቢያይ ጥበቃው ወንበር እያጣጠፉ ይከምራሉ። "አባባ፣ ፈተናው የሚጀመረው በስንት ሰዓት ነው?" ብሎ ጠየቃቸው። ጥበቃውም ቀና ብለው አዩትና ምን ቢሉት ጥሩ ነው? ...

ጋሼ፣ ሳል ያዘዎት? ውሃ የለሽም አንቺ? ... ተዪው እንግዲህ፣ ረጅም ታሪክ ነው። ሚስቱ ግን ትቆረቆርለታለች። "እንደ እኔ እንዳትሆንብኝ ብሎ ነው፣ ፈርቶ ነው" ትለኛለች። አምናታለሁ። እኔም አንጀቴን ይበላኛል። ፍርሃት ላሚኔት ሲደረግ ዕቅድ ይመስላል፤ ክፉነቱ እሱ ነው። ... ደግሞ ልጅቷ ይኼን ታሪክ ብትሰማ የምታዝን አይመስለኝም። ማን ያውቃል፣ ወረፋው ላይ እንዳይሰለቻት ዛሬ ሄጄ አጫውታት ይሆናል፤ ፊርማው ከጠፋ ሌላ ምን እሠራለሁ?

እንዴ ጋሼ፣ ተነሡ? እስክሪብቶ ነው የሚፈልጉት? ይኸውልዎት። ለምን ነው? ... ለዚህ ፎርም? ልጅቷ የእርስዎ ናት እንዴ? ዓለም እንዴት ጠባብ ናት።

ያንብቡት፣ ያንብቡት። ጀርባውም አለ። ... አዎ፣ ምልክቱ እዚያ ላይ ነው። እሷ ናት የመረጠችው። ጣትዎን ከላዩ ላይ ቢያነሡት ቀለሙ አይበላሽም። ... የሚፈርሙት እዚህ ጋ ነው። ... እንዴት ያለ ፊርማ ነው ጃል። ቀጥ ያለ፣ ልክ እንደ ድንበር። አጠገቡ "ቀን" የሚል ባዶ ቦታ አለ። እሱን ልንገርዎት? ... አይ፣ ያውቁታል። ጥሩ።

ፎቶዎቹን አምጪያቸው አንቺ። ሲያምሩ። በይ ሩጫ ላይ ነኝ፤ ለቂመኛው ነው የምሮጠው ዛሬ። ላሚኔቱን ጋሼ ይውሰዱት። መስታወቱ ላይ ግን ባይመለስ ደስ ይለኛል፤ እህቴ ፊቷን ካየች ሰባት ወሯ ነው።

ያንን የማውቀውን ሰው ደግሞ ድንገት ካገኘሽው ሳልመርቀው እንዳልሄድኩ ንገሪልኝ። ከልቤ ነው። ፈጣሪ ይባርከው። ለልጁ ያሰበላትን ያሳካላት፤ ለምርቃቷም ያብቃው። የትም ሲሄድ እንደ ልማዱ አንድ ሰዓት ቀድሞ ያድርሰው... በዕለቱ። ለራሱ ደግሞ ሌላ ምን እመኝለታለሁ? ያን ጊዜ እንደሰወረው፣ ዕድሜ ልኩን ከፈተና ይሰውረው።