የዘመነች ኮሌታ

የስፌት አሠልጣኙ አቶ አምሐ ዘነበወርቅ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ኮልፌ በሚገኘው የልብስ ስፌት ማኅበራቸው በሥልጠና ክፍል በቅርቡ የተመደበችውን አልፊያን አገኟት። ወጣቷ እጅ ነሥታ አጠገባቸው ቆመች።

«ጋሼ አምሐ፣ የሦስቱን ሴቶች ነገር ሰማሁ። የሰፉት የዩኒፎርም ኮሌታ ተጣሞ ዳግመኛ ከተመለሰ ጓድ ሊቀመንበሩ ያሰናብቷቸዋል አሉ።»

«አስቤበታለሁ። ከሰኞ ጀምሮ የእጅ ስፌት ከሀሁ አስጀምራቸዋለሁ፤ ሦስት ወር ይበቃቸዋል። ባለቤቴ ወለተጻድቅ፣ ነፍሷን ይማር፣ ጀማሪን ሁሉ የምታስጀምረው በመርፌ ነበር።»

«የጎደላቸው እሱ ነው?»

«እኔ ጠጉሬን ያሸበትኩት በስፌት ነው፤ አንቺ ኮርስ ወስደሽ መጣሽና ትፈትኚኝ ጀመር?»

አልፊያ ፈገግ አለች። «አልፈትንዎትም። ግን ደንበኛ ሱፍ ሊያሰፋ ሲመጣ ሜትርዎን የሚዘረጉት በማን ትከሻ ላይ ነው? በራስዎ?»

«ምን ነካሽ ልጄ፣ በእሱ ነዋ።»

«ታዲያ የተማሪዋን ልክ ለምን አይወስዱም? ምን እንዳቃታት ሳይጠይቁ ቢያስተምሯት፣ ለሌላ ሰው የተሰፋ ኮት እንዳለበሷት ነው።»

አቶ አምሐ አውቶቡሱ ይመጣ እንደሆነ ወደ መንገዱ አዩ። እውነቱን ለመናገር፣ የእጅ ስፌቱን የፈለጉት ለሴቶቹ ሲሉ ብቻ አልነበረም። ከጀማሪ አጠገብ ተቀምጠው «ቀስ፣ ክሩን አታስጨንቂው» ሲሉ፣ የወለተጻድቅን ድምፅ በገዛ አፋቸው ይሰሙት ነበር። ከሞተች ወዲህ የሚሰሙበት ሌላ ቦታ አልነበራቸውም። አስተማሪ የናፈቀው ነገር ለተማሪው የሚያስፈልግ ይመስለዋል፤ ክፋት የለበትም፣ ጉዳቱ ግን የሚያርፈው በተማሪው እንጀራ ላይ ነው።

በማግሥቱ ከሦስቱ አንዷን፣ ዘመነችን፣ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ጠየቋት። «የሚያስቸግርሽ የቱ ላይ ነው?»

አንገቷን ደፋች። «መስፋቱንስ አውቀዋለሁ ጋሼ፤ በእግር መኪና ነው ያደግሁት። ይሄ ባለሞተሩ ግን ገና ስረግጠው ይዞኝ ይነጉዳል። የኮሌታው ጥምዝ ላይ ስደርስ ማቆም ያቅተኛል።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

የመርፌው ትምህርት ቀረ። ሴቶቹ በብጣሽ ጨርቅ ላይ፣ ክር ሳያስገቡ፣ ፔዳሉን በዝግታ መርገጥ ተለማመዱ። ሦስት ወር የታሰበለት ሥልጠና በሳምንት ተፈጸመ።

አቶ አምሐ አልፊያን ባገኟት ጊዜ፣ «ትክክል ነበርሽ» አሏት። «ተማሪው አስቀድሞ ከተጠየቀ ጊዜም ጨርቅም ይተርፋል፤ ሰውም ከሥራው አይፈናቀልም። የወለተጻድቅ መርፌ ግን ይናፍቀኛል።»

«እሱን ለሚፈልግ ያስተምሩታላ።»

«የሚፈልግ ከመጣ» አሉ።

የሰፉት ኮሌታ ዳግመኛ ስላልተመለሰ ዘመነችና ባልደረቦቿ አልተሰናበቱም። አቶ አምሐ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእጅ ስፌት አስተምሩኝ ብሎ የመጣ ሰው ግን አልነበረም።