ባለቤቱ የሚታደምበት ተዝካር

በመካነ ሰላም ከብት ተራ እኔን የማያውቅ በሬ የለም፤ አንዳንዱማ ጭራውን ነቅንቆ ሰላምታ ይሰጠኛል። በግንቦት ወር በአንዱ ቅዳሜ ታዲያ የጎረቤቴን የአያ ዋለን ጥማድ በሬዎች እዚያ ለሽያጭ ቆመው አገኘኋቸው። ወዲያው ልጃቸው ሰብሌ፣ የከተማው መምህርት፣ ወሬው ደርሷት እያለከለከች መጣች።

«አባባ፣ ለእርሻ አንድ ሐሙስ ሲቀር በሬ ይሸጣሉ?»

«የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነዋ!»

የቁም ተዝካር ወራሹን ያላመነ ሰው ሳይሞት የሚደግሰው የራሱ ተዝካር ነው።

«እኛ ልጆችዎ እያለን?»

«አላችሁ እንጂ! በእኔ ጊዜ የቤት ወጪ ጨው፣ የፋሲካ በግ፣ የልጅ ቀሚስ ነበረ፤ የተረፈው ለአባት ተዝካር ይቀመጣል። የናንተ ቤት ሶፋ፣ ቴሌቪዥን፣ የኢንተርኔት ካርድ… ፍሪጅ ደግሞ! መካነ ሰላም ራሷ በዚህ ብርዷ ፍሪጅ አይደለችም ወይ? እኔ ስሞት ምን ተርፏችሁ ልትደግሱ?»

የገበያው ሰው ሳቀ፤ ወግዲ ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

«በፍሪጁስ እውነትዎን ነው፤ ጎረቤት አይተን ነው የገዛነው» አለች ሰብሌ ሳትቆጣ። «ግን የመንደራችን ሰው አያ ፈንታዬ የቁም ተዝካራቸውን ካወጡ በኋላ ወዲያው ሞቱ?»

«ኧረ ተይኝ! ያ ሰውዬ አልሞትም ብሎ ቆየ እኮ።»

«በምን ኖሩ?»

«በሬ የለው፣ መሬቱን ለእኩል አራሽ እየሰጠ። ቢታመም እንኳ ጠያቂ አጣ፤ ‹ተዝካሩን በልተን የለ› እያለ ሰዉ።»

«ሲሞቱስ?»

አያ ዋለ ጢማቸውን አሻሹ። «ሲሞትማ አገሩ እንደገና መጣ። ሚስቱ የቀረቻትን ላም አረደች።»

«ነፍስን የሚረዳት ፍትሐቱና ምጽዋቱ ነው ብለው የነፍስ አባትዎ አልነገሩዎትም? እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። በሬ አርጄ አገር ግን አልጠራም፤ ዛሬውኑ ይወቁት።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«የት ሆነው ሊሰሙት?»

በዚህ መሐል ነጋዴው አሕመድኑር መጥቶ የበሬዎቹን ገመድ ያዘ። «አያ ዋለ፣ በተስማማነው ልውሰዳቸዋ!»

ሽማግሌው ልጃቸውን አዩ፤ በሬዎቹን አዩ። ከዚያ ገመዱን ቀስ ብለው ተቀበሉት። «አሕመድኑር፣ አፉ በለኝ፤ ሽያጩ ቀርቷል። ባለ ተዝካሩ ገና አልሞተም።»

ሰብሌም ነገሩን በቃል አልተወችውም፤ ፍሪጁን ሸጣ ለአባቷ ማዳበሪያ ገዛች።

እንግዲህ የወጪ ልማድ ከዘመን ዘመን ይለወጣል፤ የትናንቱ ለሙት ድግስ፣ የዛሬው ለጎረቤት ዓይን ያወጣል። ለሚያርስና ለሚያበላ ነገር የወጣ ግን ተመልሶ ቤት ይገባል። ያን ዓመት የአያ ዋለ ጎተራ ሞልቶ ፈሰሰ፤ በእኔ ግምት ወረኢሉን በሙሉ ይቀልባል። ቤተሰቡ ጠግቦ ከረመ፤ ከማንም ብድር አልተጠየቀም። ለነዳያንም ድርሻ ወጣላቸው። አያ ዋለ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ስንዴውን በገዛ እጃቸው እየሰፈሩ፣ ምርቃቱ ሲዘንብላቸው ወደ እኔ ዞር አሉና፦

«ወንድሜ፣ የቁም ተዝካር እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ።