በአቶ ሰዲቅ አብዱልመሊክ አሟሟት ላይ ከባለቤታቸው የተወሰደ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ናጅዋ ሱሌይማን
ዕድሜ፦ 46
ሥራ፦ ሽንኩርት ነጋዴ
አድራሻ፦ ሸዋ ሮቢት ከተማ፣ ቀበሌ 02
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኔ 26 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡30

የሟች አቶ ሰዲቅ አብዱልመሊክ ባለቤት ነኝ። ስለ አሟሟቱ የማውቀውን እንድናገር ተጠይቄ የሚከተለውን ተናግሬያለሁ።

ልጃችን ሀሩን ሰዲቅ የሦስተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በኮሮና ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ በመጋቢት ወር መጨረሻ ወደ ቤት መጣ። በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ እንደ እስክሪብቶ ቀጠን ያለ፣ በአፍ የሚሳብ ዕቃ አገኘሁ። ሽታው የሚንት ከረሜላ ነው። ምን እንደሆነ ስጠይቀው "እማ፣ የኮሮና መታጠኛ ነው። እንፋሎት ነው የሚወጣው፤ ሳንባ ያጸዳል" አለኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እሱ ተምሯል፤ አመንኩት። ማመን ብቻ ሳይሆን ለጎረቤት አወራሁለት። ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ግቢያችን ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጠው እየተቀባበሉ ሲስቡ፣ ልጆቹ ለጤናቸው ይጠነቀቃሉ እያልኩ ውሃ አቀርብላቸው ነበር። ሞኝነቴ እስከዚህ ድረስ ነው።

ባለቤቴ የቆየ አስም ነበረበት። ሰኔ 17 ቀን ሳልና ትኩሳት ጀመረው። ሆስፒታል ከሄደ ለይቶ ማቆያ ያስገቡታል ብለን ፈርተን ቤት አቆየነው። ሁለት ቀን በባሕር ዛፍ ቅጠል አጠንኩት፤ አልተሻለውም። ሰኔ 19 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሀሩንን ጠርቼ ያንን መታጠኛ ለአባትህ ስጠው አልኩት። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። "አልቋል" አለ። እንዳላለቀ አውቃለሁ፤ የዚያኑ ዕለት ጠዋት ሲስበው አይቻለሁ። ተቆጣሁት። ባለቤቴ ከፍራሹ ቀና ብሎ "አትሰስትብኝ ልጄ፣ እስቲ አምጣው" አለው። ሀሩን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠው። በየት በኩል እንደሚሳብ ያሳየውም ራሱ ነው። ባለቤቴ "ቢስሚላህ" ብሎ ሳበ። ሦስተኛውን ሲስብ ትንፋሽ አጠረው፤ ከንፈሩ ጠቆረ።

በባጃጅ ስንወስደው ሀሩን እያለቀሰ "ሲጋራ ነው እማ፣ የኤሌክትሪክ ሲጋራ ነው" አለኝ። አባቱ ራሱን አልሳተም፤ ሰምቷል። እጁን ከሀሩን እጅ ውስጥ አወጣ። ሆስፒታሉ በር ሳንደርስ ሕይወቱ አለፈ።

ኮሮና ነው ተብሎ ስለተወራ ጀናዛው ላይ የቆሙት ስድስት ሰዎች ናቸው። ተወልዶ ያደገበት ሰፈር በሩን ዘግቶ ሸኘው። ከኮሮና ነጻ እንደነበር በምርመራ ተረጋግጦ የተነገረኝ ከተቀበረ በአራተኛው ቀን ነው።

ሀሩን በተጠርጣሪነት በሰጠው ቃል በሰዓቱ ቤት እንዳልነበረና ዕቃውን እሱ ሳያውቅ እኔ ወስጄ እንደሰጠሁ መናገሩን መርማሪው ገልጸውልኛል። ቤት ነበረ። ስጠው ያልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን አልክድም፤ የሚያስቀጣኝ ከሆነ ልቀጣ። እኔ ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ እሱ ያውቅ ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ይህ ነው። አጨስክ ተብሎ መቆጣትን ፈርቶ አባቱ ሲስብ ቆሞ አየ።

ይህ ቃል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነብቦልኛል። በዓይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት ውጭ የጨመርኩት የለም፤ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቃለሁ። "ልጃችን" የሚለው ተሰርዞ "ተጠርጣሪው" ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ፣ የተጻፈ ቃል አይሰረዝም ስለተባልኩ እንዳለ ተቀብዬ በአውራ ጣቴ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ የጣት አሻራ፦ ____________
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን ታደሰ በላይ
ፊርማ፦ ____________