ለፍየሏ የታሰበው ክኒን

ወደ ሐርላ የሚሄደው ሚኒባስ እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው የሌላውን ጉዳይ መስማት ካልፈለገ ጆሮውን ቤቱ ትቶ መምጣት አለበት። እኔ ይዤው ነበር።

ከፊቴ መጋላ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱት መድና ተቀምጠዋል። የጎረቤታቸው ልጅ ፋርሒያ፣ የጤና ኮሌጅ ተማሪ፣ ድንገት ገብታ አጠገባቸው ስትቀመጥ ቦርሳቸው ተገለበጠና አንድ የክኒን እሽግ ወደቀ። አነሳችው።

"ኢዶ፣ ይሄ የምራትሽ የኢዲል አይረን አይደለም እንዴ? አንቺ ጋ ምን ይሠራል?"

("ኢዶ" አክስቴ ማለት ነው። በእኛ ከተማ "እርስዎ" የሚባለው ለባንክ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ንቀት እንዳይመስላችሁ።)

"እህቴ ሐርላ የከሳች ፍየል አለቻት፤ አርግዛለች። ለእሷ ነው፤ ግልገሏ እንዲወፍር።"

ፋርሒያ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። "ኢዲልስ?"

"ሰባት ወሯ ነው። ትናንት ፋብሪካ ስትሰፋ ዞሮባት ወደቀች። ዛሬ ቤት ተኝታለች፤ ስልክም አታነሳም።" መድና ስልካቸውን አገላብጠው አዩት። "ልጁ ሆዷ ውስጥ ገዝፎ እንዳይገድላት ነው የወሰድኩባት።"

"ማነው ክኒን ልጅ ያገዝፋል ያለሽ?"

"ማን ይበለኝ? ኒሞን ቀብሬያለሁ! ይሄንኑ ስትውጥ ኖራ አይደል የሞተችው?"

ኒሞ ልጃቸው ነበረች፤ በወሊድ ነው የሞተችው። ከውጭ ረዳቱ "ሐርላ! የሞላ!" እያለ ባዶ ወንበር ይሸጣል። የተማረ ሰው እንዲህ ባለ ሰዓት መጽሐፉን ያነበንባል ብዬ ፈርቼ ነበር። ፋርሒያ ግን ጠየቀች።

"የኒሞን ልጅ ሲወለድ ማን አጠበው?"

"እኔ።"

"ትልቅ ነበር?"

መድና መዳፋቸውን ዘረጉ። "የድመት ልጅ ነው የሚያክለው" አሉ።

"ታዲያ ኒሞን ምን ገደላት?"

"ደም። ፈሰሳት። ከንፈሯ ግን... ከዚያም በፊት ነጭ ነበር።"

"ክኒኑን በምን ነበር የምትውጠው?"

"በወተት ሻሂ። አንጀቷን እንዳያቃጥላት እኔ ነኝ የማፈላላት።"

ፋርሒያ እጃቸውን ያዘች። "ኢዶ፣ ሻሂው ገደላት አልልሽም፤ ማንም አልነገረሽም። ግን ሻሂና ወተት ክኒኑን ይይዙታል፤ ደም ውስጥ በደንብ አይገባም። በውሃ፣ ሎሚ ጠብ ብሎበት ይዋጥ፤ ሻሂው ከሁለት ሰዓት በኋላ ይደርሳል። ሰገራዋ ቢጠቁር አትደንግጪ፤ ክኒኑ ውስጥ ካለው ብረት ነው። ክኒኑ ልጅ አያገዝፍም። የእናትን ደም ነው የሚሞላው፤ ልጁም ቀጭጮ እንዳይወለድ ይረዳል። ደም ያነሳት ሴት ስትወልድ ትንሽ ቢፈሳት እንኳ አትችለውም።"

"ምስር እያበላኋት ነው፤ ጉበትም..."

"ጥሩ አደረግሽ። ብቻውን ግን አይበቃትም። ዞሮባት መውደቋ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ ደሟ ይለካ።"

"ፍየሏስ?"

"ፍየሏ ቅጠል ትብላ፣ ኢዶ!"

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ሲል መድና "ወራጅ!" ብለው ጮኹ። የተቀመጡት ከውስጥ ስለነበር ግማሾቻችን ወርደን አሳለፍናቸው። መንገዱ ዳር ቆመው ደወሉ። ጠራ። ደግሞ ጠራ። አንዲት ሴት "ያረቢ" አለች በለሆሳስ።

"ኢዲል? ኢዲል! ወላሂ ነፍሴን አወጣሽው! አትነሺ፣ ተኝተሽ ጠብቂኝ። ባጃጅ ይዤ መጣሁ፤ ሐኪም ቤት እንሄዳለን... ክኒኑ? አልጠፋም።" ጀርባቸውን ሰጡን። "እኔ ነኝ የወሰድኩት፣ ልጄ።"

ፋርሒያም ወርዳ አብራቸው ሄደች። ረዳቱ ሁለት ሰው ስለጎደለበት ተራገመ፤ እኛም እንደገና ጠበቅን። የኢዲል ደም ስንት እንደሆነ አልሰማሁም፤ ስለዚህ ልቤ አላረፈም። የምታውቁት ነፍሰ ጡር ካለች ክኒኗን በውሃ ትዋጥ፣ ክትትሏን አታቋርጥ፤ ለእሷም ጉልበት፣ ለልጇም ጤና ነው። ፍርሃት መጥፎ አይደለም። ግን ክኒኑን ሳይሆን የነጣውን ከንፈር የሚፈራ ቤት በጊዜ ይደነግጣል፤ በጊዜ የደነገጠም ሐኪም ዘንድ በእግሩ ይደርሳል።