የኩልፎ መታጠቢያ ከቦታው የተነሣበት ምክንያት

የበልጉ ዝናብ ጋብ ባለ ሰሞን ሙዝ ልገዛ ወደ ኩልፎ ወንዝ ስወርድ፣ ወይዘሮ ልክነሽ ከወንዙ መታጠቢያ አጠገብ አዲስ የተተከለ ምልክት ሲነቅሉ ደረስኩ። ምልክቱ «እዚህ መታጠብ ለጤና ያሰጋል» ይላል። አጠገባቸው ሐዊ ቆማለች፤ ዩኒቨርሲቲ ያስተማርኳት፣ ዛሬ በየመታጠቢያው ያለውን ውሃ የምትመረምር ወጣት ናት።

ነገሩን ብጠይቅ ወይዘሮ ልክነሽ አስረዱኝ። ቦታውን መንጥረው፣ የድንጋይ ደረጃ ሠርተው ለሕዝብ የሰጡት ሟች ባለቤታቸው ናቸው። የሙዝ እርሻ ሠራተኛው ሁሉ ታጥቦ ሲወጣ ነፍስ ይማር ይላቸዋል።

«ይህ ምልክት ባሌ በሽታ አውርሶን ሄደ እንደ ማለት ነው» አሉ። «ደግሞስ ወራጅ ውሃ ምን ይሆናል? ጠጠሩ ሳይቀር ይታያል።»

«እማማ፣ እርሳቸው ሲሠሩት ውሃው ደህና ነበር» አለች ሐዊ በትሕትና። «ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ ሰፋ፤ የመጸዳጃ ፍሳሽ ከላይ ባለው ቦይ ወደ ወንዙ ይገባል። ጀርሙ በዓይን አይታይም። እባክዎ፣ አብረን እንመርምረው።»

የተማረ ሰው ብዙ ጊዜ አዛዥ ይሆናል እንጂ አብረን እንይ አይልም። ወይዘሮ ልክነሽ እሺ ያሉት ለዚህ ይመስለኛል። አንዱን ጠርሙስ ከመታጠቢያው፣ ሌላውን ከቦዩ በላይ ራሳቸው ቀዱ። በማግስቱ ሦስታችን በላቦራቶሪው ስናይ፣ ከላይኛው ውሃ ጀርም እንዲያድግበት የተዘጋጀው ሳህን ባዶ ሊባል ምንም አልቀረው፤ የመታጠቢያው ግን በነጠብጣብ ተሞልቷል። እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከዓይነ ምድር የመጣ ጀርም የተራባበት መሆኑን ሐዊ አስረዳቻቸው።

ወይዘሮ ልክነሽ ሁለቱን ሳህኖች አጠጋግተው አስተያዩ። የሠራተኞቹን ልጆች ሲያስቀምጣቸው ማንጎ በልተው ነው ይሉ እንደነበር ነገሩን። ቀጥለውም፣

«ታዲያ ልጄ፣ ከልክለሽ ብቻ ትሄጃለሽ? ላብ ያጠመቀው ሰው የት ይታጠብ?» አሏት።

ሐዊ ሳህኖቹን ወደ ጎን አድርጋ ወደ እሳቸው ዞረች።

«ከቦዩ በላይ ያለው መሬት የእኔ ነው» አሉ ወይዘሮ ልክነሽ። «ደረጃው ወደዚያ ይሂድ። ባሌ የለፋው፣ ሰው እንዲታጠብ ብሎ ነው፤ ለድንጋዩ ብሎ አይደለም።»

ከመስቀል በፊት ድንጋዩ ተዛወረ፤ ምልክቱም በቀድሞው ቦታ ተመልሶ ተተከለ። ሐዊ አዲሱን ቦታ በየወሩ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ወዲያውኑ ትመረምራለች፤ ውጤቱን ማንበብ ለማይችለው በቃል ትናገራለች። ቀበሌውም ፍሳሹን ከወንዙ ለማራቅ ጉድጓድ ማስቆፈር ጀምሯል። ዘንድሮ የልጆቹ ተቅማጥ መቀነሱን እናቶቻቸው ይመሰክራሉ።

ባለፈው ሳምንት ጎርፍ ወርዶ ነበር። ወጣቶች ልብሳቸውን አውልቀው ሊገቡ ሲሉ ወይዘሮ ልክነሽ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ «ሐዊ ውጤቱን እስክትነግረን ቆዩ» አሏቸው። ወጣቶቹም ልብሳቸውን መልሰው ለበሱ።