በወንዙ አፍ ላይ ስለተተከለው ቀይ ጨርቅ

የምስክር ተጨማሪ ቃል

የምስክሩ ስም፦ ከመታወቂያቸው ቅጂ ጋር ተያይዟል፤ በሐይቁ ዳር «በረዶ ለኪው» በመባል ይታወቃሉ
ዕድሜ፦ 52
ሥራ፦ በዓሣ አጥማጆች ማኅበር የበረዶ ለኪ
አድራሻ፦ ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ ባለው መንገድ፣ ሰማያዊ በር ያለው ቤት
ከተጠርጣሪው ጋር ያላቸው ዝምድና፦ የእህቱ ባል
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ጥር 16 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

እኔ ከላይ ማንነቴ የተገለጸው ምስክር ዛሬ ወደ ፖሊስ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። ጥር 11 ቀን፣ አደጋው በደረሰ ዕለት፣ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜ ነበር። በዚያ ቃሌ ላይ ተጠርጣሪው ቀዩን ጨርቅ እያየ፣ ማስጠንቀቂያውን ንቆ፣ ሟቹን ዳቦ ጋጋሪ አስከትሎ ወደ ወንዙ አፍ ገባ ብያለሁ። «ንቆ» ከምትለው ቃል በቀር ያልኩት ሁሉ የሆነ ነው። ነገር ግን ግማሹን ውጬዋለሁ። ዛሬ የምሰጠው ቃል የዋጥኩትን ግማሽ ነው። መርማሪዋ ቃሌ በራሴ ላይ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ነግረውኛል፤ ገብቶኛል።

ተጠርጣሪው የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። የሐይቁ ሰው ሁሉ ለፍላፊው ይለዋል። ዓሣ ሲያጠምድ እንኳ አፉ ስለማይዘጋ፣ ዓሦቹ መንጠቆውን የሚነክሱለት ወሬው ሰልችቷቸው ነው እያልን እንቀልድበት ነበር። ይኸው ሰው ዛሬ ሆስፒታል ተኝቶ፣ በሩ ላይ ጠባቂ ተቀምጦበት፣ ለምን ቀዩን አልፎ እንደገባ ሲጠየቅ አንድ ቃል አልመለሰም። ዝምታው ጥፋቱን እንደማመን እንደተቆጠረበትና ለሰው ሞት ምክንያት በመሆን ሊከሰስ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ዝም ያለው ግን ስለ እኔ ነው።

ሥራዬ የሚከተለው ነው። በብርዱ ወራት ሐይቁ በረዶ ሲሠራ ሰዎች በላዩ እየሄዱ፣ በረዶውን በስተው፣ በቀዳዳው መንጠቆ አውርደው ያጠምዳሉ። እኔ ከሁሉም ቀድሜ እወጣለሁ። መሰርሰሪያዬን ተሸክሜ ሐይቁንና ወደ ሐይቁ የሚገቡትን ሁለት ወንዞች አዳርሳለሁ፤ እበሳለሁ፣ ውፍረቱን እለካለሁ። ሰው በሚሸከመው ቦታ አረንጓዴ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት፣ በማይሸከመው ላይ ቀይ እተክላለሁ። ከዚያ ወደ ማኅበሩ ቢሮ እገባና ለአካባቢው ሬዲዮ ደውዬ የዕለቱን የሐይቅና የወንዝ ሁኔታ እናገራለሁ፤ የትኛው ዳር እንደጠነከረ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ፣ ዓሣው ወዴት እንዳለ። ድምፄ በየአውቶቡሱና በየሱቁ ይሰማል። በዚህ አንገቴን ቀና አድርጌ እሄድ ነበር። እኔ ቀይ ባልኩበት ማንም እግሩን አያሳርፍም።

ካቻምና ብርዱ ሲገባ በምሥራቁ ዳር፣ ከሸምበቆው ጀርባ፣ በረዶው ስስ ሆኖ ስላገኘሁት ቀይ ተከልኩ። አግባብ ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስመለስ በረዶው ጠንክሯል፤ በቀዳዳው ሥር ግን ማንም ያልነካው ዓሣ እንደ ጉድ ይርመሰመሳል። ቀዩን መንቀል ነበረብኝ። ነገ እነቅለዋለሁ አልኩ፤ በነጋታውም እንዲሁ አልኩ። ጨርቁን ላጠብቅ ነው እያልኩ ብቻዬን እየገባሁ አጠምድ ጀመር። ዓይኔን በጨው አጥቤም በሬዲዮ «ከሸምበቆው ጀርባ አትጠጉ» እል ነበር። ሰው ከጠንካራ በረዶ ቢርቅ ምን ይጎዳል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ከዚያ ወዲያ ዓሣ የበዛበት ቦታ ሁሉ ቀይ እየለበሰ ሄደ። መርማሪዋ በስንት ቦታ ይህን እንዳደረግሁ ጠይቀውኛል፤ ቆጥሬ አላውቅም።

ለፍላፊው እሑድ እሑድ እኛ ቤት ይበላል። እህቱ የጠበሰችውን ዓሣ እያገላበጠ «ጋሼ፣ ይሄን የሚያህለውን ከየት ነው የምታመጣው? እኔ የማጠምደው እኮ የዚህን የልጅ ልጅ ነው» ይለኝ ነበር። አምና አንድ ቀን በአመዳዩ ላይ የቀረውን ኮቴዬን ተከትሎ መጣና በቀያይ ጨርቆቼ መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። መሬት በዋጠችኝ አልኩ። እሱ ግን ሆዱን ይዞ ሳቀ። ከሥራዬ እንዳልባረር፣ ለማንም እንዳይተነፍስ ለመንኩት። «እህቴ ትሙት፣ ከአፌ አይወጣም» ብሎ ማለልኝ። ያቺ እህቱ ባለቤቴ ናት፤ እናት ሆና ያሳደገችው እሷ ስለሆነች በእሷ ምሎ የሚያፈርስ ሰው አይደለም።

ከዚያ በኋላ ቀይ ጨርቅ ለእሱ የግብዣ ምልክት ሆነ። የምሩን ቀይ ከእኔ ቀይ የምንለይበት መንገድም ነበረን። ጠዋት በማኅበሩ በር ላይ ሲያገኘኝ «ጋሼ፣ ዛሬ ቀዩ እንዴት ነው?» ይለኛል። በረዶው የምር ስስ ከሆነ «የእግዜር ነው» እለዋለሁ። እኔ ለራሴ የተከልኩት ከሆነ ምንም ሳልናገር ጢሜን እዳብሳለሁ። እሱም ይጠቅሰኝና ይሄዳል። ይህ በእኔና በእሱ መካከል ብቻ የነበረ ነው። እንደ ጨዋታ ይጣፍጠን ነበር። ይህንን ስናገር አፍራለሁ።

ከአደጋው በፊት በነበረው እሑድ ተጣላን። ለፍላፊው ጎረቤቱን ዳቦ ጋጋሪውን ከሸምበቆው ጀርባ ወስዶት ኖሯል። ምስጢሩን አልነገረውም፤ «እኔ በረዶ አውቃለሁ፣ ዝም ብለህ ተከተለኝ» ነው ያለው። ባለቤቴ እንዳትሰማ ወጥ ቤት አስገብቼ በሹክሹክታ ጮህኩበት። «ሐይቁን ከአባትህ ወረስከው እንዴ?» አለኝ። አኮረፍኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በገዛ ውሸቴ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሕፃን አኮረፍኩ።

በነዚያው ቀናት አየሩ ሞቀ። የተራራው አመዳይ እየቀለጠ ትልቁ ወንዝ ሞላ። ወንዝ ሲሞላ በረዶውን የሚበላው ከሥር ነው፤ ከላይ ላየው ሰው ነጭና ሙሉ ነው። ጥር 11 ቀን ማለዳ በወንዙ አፍ፣ ወንዙ ከሐይቁ ጋር በሚገናኝበት ቦታ፣ ስበሳ መሰርሰሪያው ገና ሳይይዝ ውሃ ፈነዳ። ውፍረቱ አራት ጣት አይሞላም ነበር። በሆዴ እየተሳብኩ ተመለስኩና ዙሪያውን፣ ያለኝን ቀይ ሁሉ አውጥቼ ተከልኩ። በሬዲዮም ደጋግሜ ተናገርኩ። የዚያን ዕለት ሥራዬን በደንብ ሠርቻለሁ። ሆኖም ወንዝ ሲሞላ ዓሣው ምግብ ፍለጋ የወንዙ አፍ ላይ እንደሚሰበሰብ ማንም አጥማጅ ያውቃል። እኔን ለሚያውቀኝ ሰው፣ ያን ያህል ቀይ በዚያ ቦታ ላይ ማለት ሌላ ትርጉም አለው።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ለፍላፊውና ዳቦ ጋጋሪው ዕቃቸውን የጫኑበትን ሣጥን እየጎተቱ ወደ ማኅበሩ በር መጡ። ዳቦ ጋጋሪው ከምድጃው በቀጥታ የመጣ ስለነበረ ቅንድቡ ላይ ዱቄት ነበረበት። ከኮቱ ውስጥ ትኩስ ዳቦ አውጥቶ ሰጠኝ፤ «በሬዲዮ ስትለፋ ሰምቼሃለሁ፣ ጉሮሮህ ይርጠብ» አለኝ። ተቀብዬ በላሁ። ለፍላፊው እንዳኮረፍኩት እያወቀ ፈገግ ብሎ «ጋሼ፣ የወንዙ አፍ ቀይ እንዴት ነው?» አለኝ። ከእኔ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ነበር። አልወጣልኝም። «ጨርቁን አይተህ የለ? ዓይን የለህም?» አልኩትና ፊቴን አዞርኩ። ስዞርም ጢሜ ላይ የቀረውን የዳቦ ፍርፋሪ በእጄ አራገፍኩ።

ለፍላፊው ጠቀሰኝ። መርማሪዋ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ ገብቶኝ እንደነበረ ጠይቀውኛል። እነዚህን ቀናት ሁሉ ጥቅሻውን አላየሁም እያልኩ ለራሴ ስነግረው ቆይቻለሁ። አይቻለሁ። እጄ ጢሜ ላይ እንደነበረም አውቄአለሁ። ልጠራው አፌን ከፈትኩና፣ እሱ ተመልሶ ይለምነኝ እንጂ እኔ ምን ቆርጦኝ እጠራዋለሁ ብዬ ዘጋሁት። በሩንም ዘግቼ ገባሁ። መርማሪዋ ይህችን ክፍል «በቸልተኝነት» ብለው ሊያሳጥሯት ነበር፤ እኔ እንዳልኳት እንድትጻፍ ጠይቄ ተጽፋለች።

እጄን በቢሮው ምድጃ ሳሞቅ ጩኸት ሰማሁ። መሰላልና ገመድ ይዤ ሮጥኩ። ስደርስ ለፍላፊው በሆዱ ተኝቶ ሁለት እጁን እስከ ብብቱ ውሃው ውስጥ ነክሮ ነበር። የዳቦ ጋጋሪው ኮት በእጁ ቀርቷል፤ ሰውዬው የለም። ኮቱን አልለቅም ስላለ ከነኮቱ ጎትቼ አወጣሁት። ጠንካራው በረዶ ላይ ሳደርሰው ቀና ብሎ አየኝና «የእግዜር ነበር እንዴ?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ከአፉ ቃል አልወጣም።

ከቀትር በኋላ ጠላቂዎች አስከሬኑን አወጡ። የማኅበሩ ሊቀመንበር በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ የሚቻልህን አድርገሃል» አለኝ። የዳቦ ጋጋሪው ሚስት እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ ለባሌ ያሰብክለት አንተ ብቻ ነበርክ፣ ሬዲዮው ላይ እንዴት እንደለመንክ ሰምቻለሁ አለችኝ። እጄን ከእጇ አላወጣሁም። አንገቴን ደፍቼ ምስጋናዋን ተቀበልኩ። ከዚያ ቀጥታ ወደዚህ መጥቼ የመጀመሪያውን ቃሌን ሰጠሁ።

ባለቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከቤት አልወጣችም። «አንተ ተክለህለት፣ ምን ዓይኑን አሳወረው?» ትለኛለች። ወንድሟን ለማየት ሆስፒታል አልሄድም ብላለች። ከትናንት በስቲያ በግድግዳው ማዶ ስታለቅስ፣ ነፍሰ ገዳይ አሳደግሁ ስትል ሰማኋት። እሱ እህቱ እንዳትሞት ዝም ብሏል፤ እህቱ ደግሞ በዝምታው ረግማዋለች። መካከላቸው ያለሁት እኔ ነኝ፤ በሰላም እየበላሁ።

ትናንት ሆስፒታል ሄድኩ። እጆቹ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ ጣቶቹ ይተርፉ እንደሆነ ሐኪሞቹ ገና አላወቁም። ሄጄ ልናገር ነው አልኩት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። መሐላውን ፈትቼልሃለሁ፣ ከእንግዲህ ማንም አይሞትም አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ትከሻው እየተንቀጠቀጠ አለቀሰ። ያን ወሬኛ ልጅ ያለ ድምፅ ሲያለቅስ ማየት አልቻልኩም፤ ጥዬው ወጣሁ።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ቃሌ ላይ «ንቆ» የምትለው ትሰረዝልኝ። አልናቀም። አምኖኝ ነው የገባው። ዳቦ ጋጋሪው ደግሞ እሱን አምኖ ገባ። ባለቤቴ እስካሁን ይህን አታውቅም፤ እዚህ ካላስቀራችሁኝ ሄጄ የምነግራት እኔው ነኝ። ለዳቦ ጋጋሪው ሚስትም እኔ ልንገራት ብዬ ጠይቄ፣ መርማሪዋ በሕጉ መሠረት እንደሚታይ ገልጸውልኛል።

ከላይ የተጻፈው ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ የእኔ ቃል ነው፤ እውነት ነው። ባለፈውም እውነት ነው ብዬ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ መፈረሜን አውቃለሁ፤ በየጠዋቱ በሬዲዮም እውነት ነው ስል ኖሬአለሁ። ስለዚህ እኔን አትመኑ። ሰው ልካችሁ ከሸምበቆው ጀርባ ያለውን በረዶ አስለኩት። ቀዩ ጨርቅ እስካሁን እንደተተከለ ነው፤ በረዶው ግን የጭነት መኪና ይሸከማል።

የምስክሩ ፊርማ፦ ተፈርሟል
ቃሉን የተቀበሉት መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል